ውጫዊ ዲስካችሁ በስንት ፍጥነት እንደተገናኘ ማረጋገጫ፦ ዝርዝር መመሪያ

ዲስኩ አዲስ ነው። ካርቶኑ ላይ 10 ጊጋቢት ተብሎ ተጽፏል። ፋይል መገልበጥ ስትጀምሩ ግን ቁጥሩ 35 ሜጋባይት በሰከንድ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ዲስኩን ፎርማት ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ቫይረስ ይፈልጋል። ለውጥ ሲያጣ ደግሞ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። 35 ሜጋባይት ግን አብዛኛውን ጊዜ የብልሽት ቁጥር አይደለም። ዲስኩና ኮምፒውተሩ በአሮጌው የዩኤስቢ 2.0 መንገድ መገናኘታቸውን የሚናገር ቁጥር ነው።

መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ዲስኩና ኮምፒውተሩ በስንት ፍጥነት ለመነጋገር ተስማሙ? ቀጥሎ፣ በዚያ መንገድ ላይ በተግባር ምን ያህል መረጃ ያልፋል? ስህተቱ የሚጀምረው ሁለተኛውን ቀድሞ በመጠየቅ ነው። የኮፒ ፍጥነት በብዙ ምክንያት ይወርዳል፤ የተስማሙበት ፍጥነት ግን ኮምፒውተሩ ራሱ መዝግቦ የያዘው፣ ተከፍቶ የሚነበብ ቁጥር ነው። ከእሱ ጀምሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ከዲስኩ ጋር የመጣውን ኬብል፣ ቢቻል ሌላ ሁለተኛ ኬብል
- 10 ጊጋባይት ገደማ የሆነ አንድ ትልቅ ፋይል (ረጅም ቪዲዮ ይሆናል)
- ወረቀትና እስክርቢቶ

ወረቀቱን አትናቁት። ሦስት ፖርት (ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ) እና ሁለት ኬብል ስትለዋውጡ የቱ ከየቱ ጋር ምን ውጤት እንደሰጠ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አታስታውሱም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም በየመሃሉ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ ሙከራውን አሁን አትጀምሩ። ሌላ ቦታ ቅጂ የሌላቸውን ፋይሎች ቀስ ብሎም ቢሆን መጀመሪያ አውጡ።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሥራ ላይ ዲስኩን ደጋግማችሁ ትነቅላላችሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ላይ በትክክል አስወጡት። ዊንዶውስ ላይ «ኢጄክት» የሚለውን ተጫኑ፤ ማክ ላይ ከዲስኩ ስም አጠገብ ያለውን የማስወጫ ምልክት ንኩ። ሳታስወጡ መንቀል ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ቁጥሮቹን ለዩ

የግንኙነት ፍጥነት በቢት ይነገራል፤ የኮፒ ፍጥነት ደግሞ በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 5 ጊጋቢት ለ8 ሲካፈል 625 ሜጋባይት ይመጣል። ይሁንና በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ 8 ቢት በሽቦው ላይ 10 ቢት ሆኖ ስለሚላክ ጣሪያው 500 ነው፤ የትእዛዝ ልውውጡ ሲቀነስ ደግሞ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ከዚያም ያንሳል። በተግባር ልትጠብቁት የሚገባው ይህን ያህል ነው፦

- 480 ሜጋቢት (ዩኤስቢ 2.0)፦ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት በሰከንድ
- 5 ጊጋቢት፦ ከ400 እስከ 450 ሜጋባይት
- 10 ጊጋቢት፦ 1,000 ሜጋባይት አካባቢ
- 20 ጊጋቢት፦ 2,000 ሜጋባይት አካባቢ
- 40 ጊጋቢት (ዩኤስቢ 4 እና ተንደርቦልት የሚባለው ሌላው ፈጣን ግንኙነት)፦ ወደ 3,000 ሜጋባይት፣ ዲስኩ እንደተቀመጠበት ሳጥን ከዚያም በላይ

የስሪት ቁጥር እንዳያሳስታችሁ። በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ተብሎ የወጣው የ5 ጊጋቢት ግንኙነት በኋላ «3.1 ጄን 1»፣ ከዚያም «3.2 ጄን 1» ተብሏል። ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ፍጥነቱ ያው 5 ነው። ስለዚህ «ዩኤስቢ 3.2» የሚል ጽሑፍ ብቻውን 5 ይሁን፣ 10 ይሁን፣ 20 ይሁን አይነግራችሁም። የምትፈልጉት የጊጋቢቱን ቁጥር ነው።

ዲስኩ ራሱም ወሰን አለው። ውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለው ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት በሰከንድ ገደማ ነው የሚያነብ፤ 20 ጊጋቢት ፖርት ላይ ብትሰኩት አይጨምርም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ሳታ የሚባለው የቆየው ዓይነት ከሆነ 550 አካባቢ ላይ ይቆማል። ከ10 ጊጋቢት በላይ ያለው መንገድ የሚጠቅመው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ላላቸው ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ በመሃል ያለውን ሁሉ ጻፉ

ከኮምፒውተሩ እስከ ዲስኩ ያለውን በቅደም ተከተል ወረቀቱ ላይ አስፍሩ፤ ፖርት፣ ኬብል፣ ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚከፍል ዕቃ) ካለ ሃብ፣ ማርዘሚያ ካለ ማርዘሚያ፣ የዲስኩ ሳጥን። ከእነዚህ መካከል በጣም ዘገምተኛው የሁሉንም ፍጥነት ይወስናል። አራቱ 10 ጊጋቢት ሆነው አንዱ 480 ሜጋቢት ከሆነ ግንኙነቱ 480 ነው።

*ፖርቱ።* አጠገቡ «ኤስኤስ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ወይም 5፣ 10፣ 20፣ 40 የሚል ቁጥር ፈልጉ። አራት ማዕዘን በሆነው በታይፕ ኤ ፖርት ውስጥ ያለው ሰማያዊ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጊጋቢትን ያሳያል፤ ነገር ግን አምራቾች ቀለሙን እንዲጠቀሙ ስለማይገደዱ ጥቁር ሆኖ ፈጣን የሆነም አለ። ትንሽና ጎኑ ክብ የሆነው የታይፕ ሲ ቅርፅ ደግሞ ስለ ፍጥነት ምንም አይናገርም። አንድ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታይፕ ሲ ፖርቶች የተለያየ ፍጥነት ሊኖራቸው ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን የኮምፒውተሩን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን ዝርዝር መግለጫ አንብቡ።

*ኬብሉ።* እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ እኔ ካየኋቸው የፍጥነት ችግሮች አብዛኞቹ መነሻቸው ኬብል ነው። ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የስልክ ቻርጀር ኬብል ነው። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ፣ ወፍራምና ጠንካራ የሚመስል ኬብል ውስጡ የዩኤስቢ 2.0 ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለቻርጅ ስለተሠራ ከፍተኛ ኃይል ያሳልፋል፤ መረጃ ግን ከ480 ሜጋቢት በላይ አያስኬድም። ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ጫፉ ላይ የፍጥነት ቁጥር ካልተጻፈበት፣ ፈትናችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ እንደ 480 ቁጠሩት።

ሁለተኛው በብዙ ሃርድ ዲስኮች ላይ ያለው ሰፊ ጠፍጣፋ ሶኬት ነው፤ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ያለው። ከሁለቱ ሰፋ ያለው ክፍል የድሮው የስልክ ማይክሮ ዩኤስቢ ኬብል ልክ ይገባበታል፣ ዲስኩም ይሠራል። ሲሠራ ስላየ ሰው አይጠራጠርም። የ5 ጊጋቢቱ ሽቦዎች ያሉት ግን ባዶ በቀረው በጠባቡ ክፍል በኩል ነው። «ሞቷል» ተብሎ ሊጣል የነበረ አንድ ሃርድ ዲስክ እጄ ገብቶ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ሁለቱንም ክፍል በሚሞላ ኬብል መቀየር ብቻ ነበር፤ ከ33 ወደ 118 ሜጋባይት ወጣ።

ርዝመትም ይቆጠራል። ለ10 ጊጋቢት ከ1 ሜትር ያልበለጠ ኬብል ተጠቀሙ። በማርዘሚያ ላይ ማርዘሚያ አትቀጥሉ።

*ሃቡ።* ኪቦርድ፣ ሞኒተር ወይም የላፕቶፕ ማስቀመጫ (ዶክ) ላይ ያለ ፖርትም ሃብ ነው። ብዙዎቹ ዩኤስቢ 2.0 ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሃቡን አውጥታችሁ በቀጥታ ሰኩ

1. ዲስኩን አስወጡና ንቀሉ።
2. ሃቡንም ማርዘሚያውንም ወደ ጎን አድርጉ።
3. 10 ሰከንድ ጠብቁ።
4. ከዲስኩ ጋር በመጣው ኬብል ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባሉት ፖርቶች ተጠቀሙ፤ የፊቶቹ በሳጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ተጨማሪ ገመድ የተገናኙ ናቸው።
5. ሳትዘገዩ፣ በአንድ ግፊት፣ እስከ መጨረሻው አስገቡ።

አምስተኛውን ተራ ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። የዩኤስቢ 3 ታይፕ ኤ መሰኪያ 9 መገናኛ ነጥቦች አሉት፤ 4ቱ የድሮዎቹ ናቸው፣ 5ቱ አዲሶቹ ከበስተኋላ ናቸው። ቀስ እያላችሁ ስትገፉ የድሮዎቹ ቀድመው ይነካሉ፤ ኮምፒውተሩም አዲሶቹ ሳይደርሱ ዲስኩን በዩኤስቢ 2.0 መዝግቦት ሊጨርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ እስክትነቅሉት ድረስ በዚያው ይቀጥላል።

ደረጃ 3፦ የተስማሙበትን ፍጥነት አንብቡ

*ዊንዶውስ*

ዊንዶውስ ይህን ቁጥር ፊት ለፊት አያሳይም። ስለዚህ «ዩኤስቢ ዲቫይስ ትሪ ቪወር» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከራሱ ከአዘጋጁ ገጽ አውርዱ፤ መጫን አያስፈልገውም።

1. ፕሮግራሙን ክፈቱ። በግራ በኩል የፖርቶች ዛፍ ይመጣል።
2. ዲስካችሁን ፈልጉና ንኩት። በሳጥኑ ውስጥ ባለው ቺፕ ስም ሊመጣ ስለሚችል የምታውቁት ስም ከጠፋ አትደናገጡ። ንቀሉት፤ ከዛፉ ላይ የጠፋው እሱ ነው።
3. በቀኝ በኩል ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ኦፐሬቲንግ አት ሱፐር ስፒድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። አዎ ከሆነ ቢያንስ 5 ጊጋቢት ነው። «ሱፐር ስፒድ ፕላስ» ላይም አዎ ካለ 10 ወይም ከዚያ በላይ ነው። «ሃይ ስፒድ» ብቻ ከሆነ 480 ሜጋቢት ላይ ናችሁ።

እዚያው አጠገብ «ኬፐብል» የሚል ቃል ያለበት መስመር አለ። እሱ ዲስኩ *የሚችለውን* ነው የሚናገር፤ «ኦፐሬቲንግ» የሚለው ደግሞ *አሁን ያለበትን*። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ይዘጋዋል። መቻሉ አዎ፣ ያለበት አይ ከሆነ ዲስኩ ፈጣን ነው፤ ችግሩ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም።

ፕሮግራም ማውረድ ካልተፈቀደላችሁ ዊንዶውስና ኤክስ ቁልፍን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር» ክፈቱ፤ «ቪው» ውስጥ «ዲቫይስስ ባይ ኮኔክሽን» ምረጡ። ዲስኩ በሃብ በኩል የተሰካ ከሆነ «ሱፐር ስፒድ ዩኤስቢ ሃብ» ሥር መሆን አለበት፤ ተራ «ዩኤስቢ ሃብ» ሥር ከተገኘ በ480 ነው ያለው። በቀጥታ ለተሰካ ዲስክ ግን ይህ መንገድ አይለይም።

*ማክ*

1. «ኦፕሽን» ቁልፍን ይዛችሁ ከላይ በግራ ያለውን የአፕል ምልክት ንኩ።
2. «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ምረጡ።
3. «ሃርድዌር» ከሚለው ሥር «ዩኤስቢ» ንኩ።
4. ዲስኩን ምረጡና «ስፒድ» የሚለውን መስመር አንብቡ። 480 ሜጋቢት፣ 5 ጊጋቢት ወይም 10 ጊጋቢት ይላል።

ኬብል ቀይራችሁ ስትመለሱ መስኮቱ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ሊጠብቃችሁ ይችላል። «ኮማንድ» እና አር ቁልፍን ተጭናችሁ አድሱት። ዲስኩ ዩኤስቢ ሥር ከሌለ ደግሞ «ተንደርቦልት» በሚለው ሥር ፈልጉት።

*ሊኑክስ*

ተርሚናል ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ አያይዛችሁ ጻፉ፤ አንድ ክፍተት ተዉ፤ ሰረዝና ቲ ጨምራችሁ ኢንተር ተጫኑ። «ማስ ስቶሬጅ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ 480፣ 5000፣ 10000 ወይም 20000 ከኤም ፊደል ጋር ይመጣል፤ በሜጋቢት ነው። እዚያው መስመር ላይ «ድራይቨር» (ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) የሚለውንም መዝግቡ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩ ካነሰ አንድ በአንድ ቀይሩ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ኬብልና ፖርት አንድ ላይ ከቀየራችሁ ቢስተካከል እንኳ ጥፋተኛው ማን እንደነበር አታውቁም።

1. መጀመሪያ እንደገና ነቅላችሁ በአንድ ግፊት ሰኩ። ቁጥሩን አንብቡ፣ ጻፉ።
2. ኬብሉን ቀይሩ፤ ፖርቱ ያው ይሁን። አንብቡ፣ ጻፉ።
3. ወደ መጀመሪያው ኬብል ተመለሱ፤ ፖርቱን ቀይሩ። አንብቡ፣ ጻፉ።
4. ኬብሉ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ ከሆነ ነቅላችሁ ገልብጣችሁ ሰኩ። በአንዱ ገጽ 5 ወይም 10፣ በሌላው 480 ከሰጠ ከመሰኪያው ወይም ከፖርቱ ነጥቦች አንዱ ቆሽሿል ወይም ተሰብሯል። የታይፕ ሲ ፈጣን ሽቦዎች በሁለቱም በኩል ስላሉ መገልበጥ ሌላኛውን ጥንድ ያስነካል።
5. ሌላ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ኬብል ሞክሩ። እዚያም ከወረደ ዲስኩ ወይም ሳጥኑ ነው።

ፖርቱ አቧራ ከያዘ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በታመቀ አየር ንፉት። መርፌም ሆነ ማንኛውም ብረት አታስገቡበት።

አምስቱም አልፈው ቁጥሩ ከተስተካከለ ሃቡን መልሳችሁ አስገቡና ደግማችሁ አንብቡ። አሁን ከወረደ ሃቡ ተገኘ።

ደረጃ 5፦ አሁን የኮፒ ፍጥነቱን ለኩ

መጀመሪያ ትልቁን ፋይል ወደ ውጫዊው ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ ዲስኩን አስወጥታችሁ ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩ። ይህን ካላደረጋችሁ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ከዲስኩ ሳይሆን ከራሱ ሜሞሪ አውጥቶ ይሰጣችኋል፤ የማይታመን ቁጥር አይታችሁ ትታለላላችሁ።

አሁን ፋይሉን ከዲስኩ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡና ሰዓት ያዙ። 10,000 ሜጋባይት በ25 ሰከንድ ካለቀ 400 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ 285 ሰከንድ ከፈጀ 35 ነው። የኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን የምትለኩት የእሱን ወሰን ሊሆን ይችላል።

በፕሮግራም መለካት ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ላይ «ክሪስታል ዲስክ ማርክ»፣ ማክ ላይ «ብላክማጂክ ዲስክ ስፒድ ቴስት» ይበቃል። ሁለቱም ጊዜያዊ የሙከራ ፋይል ጽፈው ያጠፋሉ፤ ባዶ ቦታ መኖሩን ብቻ አረጋግጡ። ክሪስታል ላይ የምታነቡት የላይኛውን ረድፍ ነው። ታችኛው የትንንሽ ፋይሎች ሙከራ ስለሆነ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በቀጥታ ዲስኩ ላይ የሚጽፍ የመጻፍ ሙከራ ያላቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ በዲስኩ ላይ ፋይሎቹ ያሉበትን ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) እንድታጠፉ ይጠይቃሉ። ፋይል ያለበት ዲስክ ላይ በፍጹም አትሞክሩት። ሊኑክስ ላይ «ዲስክስ» በሚባለው ፕሮግራም ስትለኩም የመጻፍ ሙከራው ምልክት የተደረገበት ከሆነ አንሱት።

ሳይሆን ሲቀር

*ግንኙነቱ 5 ወይም 10 ነው፣ ኮፒው ግን ቀርፋፋ ነው።* ፋይሎቹ ሺዎች የሆኑ ትንንሽ ፎቶዎችና ሰነዶች ከሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በአንድ ትልቅ ፋይል ሞክሩ። ስትጽፉ በፍጥነት ጀምሮ ከጥቂት ጊጋባይት በኋላ በድንገት የሚወርድ ኤስኤስዲ ደግሞ ፈጣኑን የመቀበያ ክፍሉን ሞልቶ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ራሱን ከሙቀት ለመከላከል ፍጥነቱን ቀንሷል።

ኤስኤስዲው ሲያነብም ከተጠበቀው በጣም ካነሰ ድራይቨሩን እዩ። ሊኑክስ ላይ የመዘገባችሁት ስም «ዩኤኤስ» ከሆነ ጥሩ ነው፤ ትእዛዞችን ደርድሮ ማስተናገድ የሚችለው እሱ ነው። «ዩኤስቢ ስቶሬጅ» ከሆነ ዲስኩ አንድ ትእዛዝ ሳይጨርስ ሌላ አይቀበልም። ዊንዶውስ ላይ ይህ በዲቫይስ ማኔጀር «ስቶሬጅ ኮንትሮለርስ» ሥር «ዩኤኤስ ማስ ስቶሬጅ ዲቫይስ» ተብሎ ይታያል። እዚያ ከሌለ ሳጥኑ ያረጀ ቺፕ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ሳጥኑን መቀየር ነው።

*የ20 ጊጋቢት ዲስክ 10 ብቻ ያሳያል።* አልተበላሸም። 20 የሚገኘው በታይፕ ሲ ብቻ፣ ሁለት ጥንድ መስመር አንድ ላይ ሲሠራ ነው፤ ፖርቱ ይህን ካልደገፈ ወደ 10 ይወርዳል። ዩኤስቢ 4 ያለው ኮምፒውተርም ቢሆን ይህን እንዲደግፍ አይገደድም። ከመግዛታችሁ በፊት የፖርቱን መግለጫ አንብቡ።

*ዲስኩ በሥራ መሃል ይጠፋል።* ፋይሎቻችሁን ካወጣችሁ በኋላ ኃይል አንሶት እንደሆነ እዩ። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት 500፣ የዩኤስቢ 3 ፖርት 900 ሚሊአምፔር ነው በመደበኛነት የሚሰጠው፤ ተሽከርካሪ ዲስክ ሲነሳ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ኬብሉን አሳጥሩ፣ ሌሎች ዕቃዎችን ከአጠገቡ ንቀሉ፤ ካልሆነ የራሱ ኃይል ያለው ሃብ ተጠቀሙ። ሃቡን ከማመናችሁ በፊት ግን ደረጃ 3ን በእሱ ላይ ድገሙ።

*ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ሲሰካ ሁለቱም ይዘገያሉ።* አንድ ሃብ ላይ ያሉ ዲስኮች አንዱን መስመር ይካፈላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትገለብጡ ከሆነ አንደኛውን በኮምፒውተሩ በሌላኛው ጎን ባለ ፖርት ላይ ሰኩ።

*ዲስኩ ሲሰካ ገመድ አልባው ማውስ ይንገጫገጫል።* የዩኤስቢ 3 ግንኙነት ገመድ አልባ ማውሶች በሚጠቀሙበት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል። የማውሱን መቀበያ ከዲስኩ አርቁ፤ ወደ ሌላኛው ጎን ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማውሱን ለማዳን ብላችሁ ዲስኩን ወደ ዩኤስቢ 2.0 ፖርት አትውሰዱት።